መሳቢያ ውስጥ የሰነበተው ወረቀት

«ስድስት ቀን፣ አባባ! ስድስት ቀን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ!»

«ቀስ በይ፤ ትሰማለች።»

«ትስማ! መስማት የነበረባት እኮ ባለፈው ሐሙስ ነው።»

የመኪናዬን በር ዘግቼ ወደ ሆይት ግሪሻም የቲማቲም ማሸጊያ መጋዘን ስገባ የተቀበለኝ ይህ ጭቅጭቅ ነበር። የመጣሁበት ጉዳይ ቀላል ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለብርድ ወራት የሚሆን ቲማቲም ቀቅላ በጠርሙስ ታሽጋለች፤ ለዚህ ደግሞ ጎኑ የተሰነጠቀውና ቅርጹ የተጣመመው፣ ለገበያ የማይወጣው ይበቃታል። ሁለት ሳጥን ጭኜ፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት ተጨዋውቼ ልመለስ ነበር። ነገር ግን የቢሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ስለነበር ሆይት አየኝ።

«ና ግባ፣ አንተ መምህር» አለኝ። «ይቺ ያንተ ተማሪ አይደለችም? ያስተማርካትን ናና ስማ እንግዲህ።»

«እንዲያውም ጥሩ ጊዜ መጡ፣ ቲቸር» አለች ሼልቢ። «እርስዎ ይፍረዱን።»

ሆይትና እኔ በዚሁ በብራሸር ተራራ ላይ አንድ ወንበር ተጋርተን ፊደል የቆጠርን ነን። እሱ ከአባቱ መሬት ጋር ቀረ፤ እኔ ተምሬ ተመለስኩና ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለሠላሳ ስምንት ዓመት የተራራውን ልጆች ታሪክ አስተማርኩ። ሼልቢ የልጁ ልጅ ናት። የእርሻ አስተዳደር ተምራ አምና ተመረቀች፤ ከተማ ትቀራለች ስንል ተመልሳ መጥታ የአያቷን ቢሮ ያዘች። ቢሮ መባሉ እንኳ ለማክበር ያህል ነው። በኮምፖንሳቶ የተከለለ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ደግሞም ሆይት የዘር ፓኬት የሚያስቀምጥበት ባለ ሦስት መሳቢያ አሮጌ ቁም ሣጥን ነው።

የጠቡ ምንጭ ያ መሳቢያ ነበር። ሼልቢ ለጓደኛዋ ሠርግ ሳምንት ያህል ርቃ ሄዳ፣ ትናንት ተመለሰች። ዛሬ የባሚያ ዘር ስትፈልግ ከፓኬቶቹ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ወረቀቱ የኢሜልዳ ካንቱ ነበር።

ኢሜልዳን የማያውቅ የተራራው ሰው የለም። የመለያው ጠረጴዛ አለቃ ናት። ቲማቲም በእጇ ሲያልፍ የትኛው ነገ፣ የትኛው ከአራት ቀን በኋላ እንደሚቀላ ታውቃለች፤ ሆይት ራሱ «እኔ ዓይኔን ብጨፍን መጋዘኑ ይሠራል፤ እሷ ካስነጠሰች ግን ይቆማል» ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልቀረችም።

«እስቲ ያንብቡት» ብላ ሼልቢ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

ቋንቋው ደረቅ ነው። የተጠቀሰችው ሠራተኛ በአገሪቱ ለመሥራት ያላት መብት ለጊዜው አልተረጋገጠም፤ አሠሪው ይህን ለሠራተኛዋ ለብቻዋ ያስታውቅ፤ ሠራተኛዋ ልትከራከር ትችላለች ይላል።

ነገሩ የመጣው ከአዲሱ ሕግ ነው። አምና ሞንትጎመሪ የሚቀመጠው የግዛታችን ምክር ቤት ያለ ፈቃድ የገቡ ሰዎችን የሚመለከት ሕግ ሲያወጣ አሠሪውንም አልተወውም። ከዘንድሮ ሚያዝያ ጀምሮ ማንም አሠሪ አዲስ የሚቀጥረውን ሰው ስምና ቁጥር በፌዴራሉ መንግሥት የኮምፒውተር መዝገብ ሳያጣራ ማሠራት አይችልም። ይህን ተላልፎ የተገኘ የንግድ ፈቃዱ ይታገዳል፤ ከደገመ ይሰረዛል። የእኛ ሥራ በወቅት የሚከፈትና የሚዘጋ ስለሆነ በየበጋው ሁሉም እንደ አዲስ ይቀጠራል። የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛም ሐምሌ ሲመጣ አዲስ ናት።

«እና ምን አሰብክ?» አልኩት።

ሆይት ባርኔጣውን አውልቆ አየውና መልሶ አደረገው። «ዓርብ ልነግራት ነበር።»

«ምን ብለህ? ለቲቸርም ንገራቸዋ» አለች ሼልቢ።

«ዘንድሮ ምርቱ ቀንሷል፣ ሰው መቀነስ አለብኝ ልላት።»

«ምርቱ ቀንሷል!» ሼልቢ ወደ በሩ አመለከተች። በበሩ ማዶ ሳጥኑ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ ሲክስቶ ገና ሌላ ይደረድር ነበር። «አባባ፣ ሴትየዋ እኮ ቆጣሪዋ ናት። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ምርት አላየንም ያለችህ እሷ ራሷ ናት!»

ሲክስቶ ያንን ሰምቶ ፈገግ እንዳለ አይቻለሁ። ስልሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። የፍሎሪዳ ምርት ሲያልቅ በግራጫ ፒካፑ ወደ እኛ ይመጣል፤ ዘንድሮ አሥራ ዘጠነኛ በጋው ነው። ጥቂት ለቃሚዎች ቀድሞ የደረሰውን ጀምረዋል፣ የቀሩት ሰኞ ይመጣሉ፤ እሱ ሁልጊዜ ቀደም ብሎ ደርሶ ማሳውን በእግሩ ይዞራል፣ የትኛው መስመር መጀመሪያ እንደሚለቀም ለሆይት ይነግረዋል። ሼልቢን የቲማቲም ሐረግ ከድጋፉ እንጨት ጋር እንዴት እንደሚታሰር ያስተማራት እሱ ነው፤ አምስት ዓመቷ ነበር።

«እንግዲህ ስሙኝ፣ ሁለታችሁም» አለ ሆይት። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እኔ ግን ይህን ተራራ አውቀዋለሁ። እዚህ ሰው ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። አባቴ አልጠየቀም። በሱ ጊዜ የሚለቅሙት ከሸለቆው የሚወጡ ድሆች ነበሩ። ነጭም ጥቁርም። አንዱ ከሚስቱ ሸሽቶ፣ አንዱ ከእስር ወጥቶ ይመጣል። አባቴ ሳጥን ይሰጠዋል፤ ከሞላው ሠራተኛ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። አሁን ቲማቲም ለቅመው የማያውቁ ሰዎች ሞንትጎመሪ ተቀምጠው የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛዬን 'ወረቀትሽን አሳዪኝ' በላት ይሉኛል። በየትኛው አፌ?»

«እሺ፣ አልጠየቅካትም። ዝም ብለህ ልታባርራት ነው።»

«ላባርራት አይደለም! በክብር ላሰናብታት ነው። እንዳታፍር።»

«ልዩነቱን እሷ የምታውቀው ይመስልሃል?»

እኔም እውነቱን ለመናገር በልቤ ወደ እሱ አድልቼ ነበር። ይህ ሰው ክፉ አይደለም። አምና ሕጉ የወጣ ሰሞን ምን እንደሆነ አይተናል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ቤተሰብ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቶ፣ ፍራሹን መኪና ላይ ጭኖ ጠፋ። ቲማቲሙ መሬት ላይ ቀልቶ፣ ቀልቶ፣ ፈሰሰ። ሆይት ከከተማ ሥራ ፈላጊዎች አምጥቶ ሞከረ፤ ከምሳ በኋላ የተመለሱት ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ የመጣው የረሳውን ባርኔጣ ሊወስድ ነበር። ያንን ያየ ሰው ወረቀት ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፍርሃቱን ጨዋነት ብሎ ሲጠራው፣ ጨዋነቱ ደግሞ የሌላ ሰው እንጀራ ሲያሳጣ፣ አንድ ሰው ሊነግረው ይገባ ነበር። ያ ሰው እኔ መሆን ሲገባኝ ልጅቷ ቀደመችኝ።

«አባባ፣ ሕጉን እኔም አልወደድኩትም» አለች፤ ድምፅዋ ረገብ ብሎ ነበር። «እኔ ብሆን እንዲህ አላወጣውም። ግን እዚህ ወረቀት ላይ የሞንትጎመሪ ትእዛዝ ብቻ አይደለም ያለው። የኢሜልዳም መብት አለበት። አየህ፣ 'ልትከራከር ትችላለች' ይላል። ስትከራከር ስምንት የሥራ ቀን አላት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልታባርራት፣ ሥራዋን ልትቀንስባት አትችልም። ይህንን ያልነገርካት አንተ ነህ። ሕጉ የሰጣትን ትንሿን ነገር ከዘር ፓኬት ጋር የቆለፍክባት አንተ ነህ።»

«ብትከራከር ምን ልታመጣ? ከሌላት ከየት ታመጣለች?»

«እንደሌላት በምን አወቅህ?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ!»

«አንተ እኮ ኮምፒውተር አታምንም! ባለፈው ወር የባንኩ ኮምፒውተር ሞተሃል ብሎ ሲጽፍልህ ምን አልክ?»

እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ሆይትም ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «መቃብሬን አሳዩኝ ነው ያልኩት» አለ።

«ለአንተ ሲሆን ኮምፒውተሩ ተሳሳተ፤ ለእሷ ሲሆን ግን እውነቱን ተናገረ። ለምን?»

እኔም «ሆይት፣ ጥራት» አልኩት።

ኢሜልዳ እጇን በመሐረብ እየጠረገች ገባች። የቲማቲም ቅጠል የሚያወጣው ጥቁር አረንጓዴ ሙጫ በሳሙና ቶሎ አይለቅም፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሁላቸው እጅ እንደዚያ ነው። እኔንም ሼልቢንም ሰላም ብላ ወደ ሆይት ስትዞር ፊቷ ላይ ሥጋት አየሁ።

«ሚስተር ሆይት፣ ሐኪም ጋ ሄዱ?»

«ሐኪም? ለምን?»

«ታመው አይደል? ከሐሙስ ጀምሮ ፊትዎን ያዞሩብኛል። ሰው የታመመ እንደሆነ እንደዚያ ያደርጋል። እኔማ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስምዎን አስጠርቼ አስጸልያለሁ።»

ሆይት እንዲህ ሲቀላ በሰባ ሁለት ዓመቱ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱን አንስቶ ዘረጋላት። ቆማ አነበበችው። ጣቷን በየመስመሩ ሥር እያስኬደች አንድ ጊዜ አንብባ ወደ ላይ ተመልሳ ደግማ አነበበች።

«ዓርብ ሊያሰናብቱኝ ነበር?»

«ምርት ቀንሷል ሊልሽ ነበር» አለች ሼልቢ።

«ምርት!» አለች ኢሜልዳ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ይህ የደፈራት ይመስል ነበር። ከዚያ በጠረጴዛው ጫፍ ተደግፋ እንዲህ አለች፤ «ሚስተር ሆይት፣ እኔ የዚህ አገር ዜጋ ነኝ። መስከረም ሲመጣ አራት ዓመት ይሆነኛል። በርሚንግሃም እጄን አንሥቼ ምያለሁ። ምስክር ወረቀቱ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል።»

«ዜጋ?» አለ ሆይት። «አራት ዓመት? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

«ሰው አይጠየቅም ብዬ ነዋ!»

«እኔም ሰው ፊት አይወራም ብዬ ነዋ።» በበሩ በኩል ወደ መለያው ጠረጴዛ አየች። አሥራ አንድ ሴቶች በረድፍ ቆመው ቀዩን ከአረንጓዴው ይለያሉ። «ከእነሱ መካከል ማን ፊት ነው ይዤው የምገባው? የቷ ናት ደስ የሚላት፣ የቷ ናት ቤቷ ገብታ የምታለቅሰው? በማልኩ ማግስት ሥራ ገባሁ። ቲማቲም ለየሁ። በቃ።»

ሁለት ጨዋ ሰዎች ለአራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ይህን ያህል ተከባብረው ዝም ሲባባሉ የዝምታው ዕዳ በአንዷ ላይ ሊወድቅ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩና ይህን ያህል ቅርብ የሆነ ነገር አለማየቴ አሳፈረኝ። ኢሜልዳ የምትማልበት ቀን ሲቃረብ የሕገ መንግሥቱን ጥያቄዎች በየምሳ ሰዓቱ ከኪሷ እያወጣች ስታጠና አይቻት አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁም።

ሼልቢ ግን ሌላ ነገር ታስብ ነበር። «ኢሜልዳ፣ ከማልሽ በኋላ የሥራ ቁጥርሽ የተመዘገበበት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደሻል?»

«ለምን እሄዳለሁ? ካርዱ አለኝ። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ካርድ ነው።»

«ቁጥሩ ያው ነው። ግን እነሱ መዝገብ ላይ አሁንም ዜግነት ያላገኘችው የድሮዋ ኢሜልዳ ነሽ። አንዱ ቢሮ ለሌላው አይናገርም፤ ሄዶ ማስለወጥ የባለቤቱ ሥራ ነው። ሰዉ ሁሉ ምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ይህቺን ይረሳታል።»

«ይኸው ነው?» አለ ሆይት። «ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ማሳየት? ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ። ግን የሚነግራት ሰው ያስፈልግ ነበር።»

ሆይት ተቀመጠ። ኢሜልዳ ወደ ሥራዋ ስትመለስ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ግን የተሸነፈ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያደርገው አጥቂውን መልሶ ማጥቃት ነው።

«ታዲያ እኔ ትክክል ነበርኩ!» አለ። «ማሽኑ ተሳስቷል። እንዲህ ያለ ማሽን ጋ ሌላ ሰው አልልክም። ለቃሚዎቹን መዝገቡ ውስጥ አላስገባም። ማን ያያል?»

«አባባ፣ እስካሁን እነማንን አጣራህ?»

«የመጋዘኑን ሴቶች።»

«ሁሉንም?»

ሆይት ዓይኑን ወደ መስኮቱ ላከ። «ያው... ኢሜልዳን፣ ሮሳልባን፣ እነዚያን...»

«ዳርሊንስ?»

«ዳርሊን! የሰባኪያችን እህት! አያቷን ከቀበሩት መካከል እኔ አንዱ ነኝ። ምን ብዬ ነው ዳርሊንን በመንግሥት መዝገብ የማጣራት?»

«ይኸውልህ እንግዲህ» አለች ሼልቢ። «ስሟ እንግዳ የሆነባችሁን ማጣራት፣ ያገራችሁን ልጅ መተው። ይህ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ባይኖርስ ደግ ነው? ኢሜልዳ ይህን ብታውቅ ከወረቀቱ የበለጠ አይቆረቁራትም? በእምነት ነው የምሠራው ትላለህ። እምነትህን ግን ለዳርሊን ሰጠህ፣ ለኢሜልዳ ነሳሃት።»

«አንቺ ልጅ፣ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ።»

«ቲማቲም እወዳለሁ፤ ምን ላድርግ» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ ልጅ ሳለች ክፍሌ ውስጥ መልስ ስትመልስ እንደምታደርገው፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተናገረች። «የምለምንህ ይህን ነው። ሰኞ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይፈርም። ዳርሊንም፣ እኔም። 'አልተረጋገጠም' ብሎ የመጣ እንደሆነ በዚያው ቀን፣ ለብቻው ጠርተን እንንገረው። የሚከራከር ከሆነ መኪናችንን ይዘን እንሂድለት። ያን ጊዜ በስህተት ሥራውን የሚያጣ አይኖርም። የሚጠይቅህ ሰው ቢመጣም መዝገብህን ከፍተህ ታሳየዋለህ። ፈቃድህ ቢታገድብህ እኮ የሚዘጋው ያንተ ቤት ብቻ አይደለም፤ የእነዚያ አሥራ አንድ ሴቶችም ነው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ለለቃሚዎች የወቅት ሥራ ፈቃድ እናመልክት። እንደ ደንቡ ማደሪያ ቤት እንሠራላቸዋለን፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ አድካሚ ነው። ግን ከዚያ የሚመጣው ሰው ፖሊስ ባየ ቁጥር አይደነግጥም፤ ሥራው ሲያልቅ አገሩ ገብቶ ልጆቹን አይቶ ይመለሳል።»

«እዚሁ ያሉትስ? ስንት ዓመት እዚሁ የኖሩትስ?»

ሼልቢ እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አነሣች። «ለእነሱ ዛሬ ያለው መልስ ጥሩ አይደለም፣ አባባ። እኔ አልዋሽህም። ግን ኢሜልዳን በሕጉ ስም አሰናብተህ፣ ሌላውን ከሕጉ ልትደብቅ አትችልም።»

ሆይት ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ መምህር? አፍህን ዘግተህ ትቀመጣለህ?»

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አልኩት። «ባለፈው ሐሙስ ብትነግራት ኖሮ ዛሬ ነገሩ አልቆ፣ ያንተም ፊት አይዞርባትም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም በሽተኛ ብለው አይጸልዩልህም ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ መሳቢያውን ከነፓኬቶቹ መዝዞ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ዘር ብቻ ነው የሚቀመጠው» አለ።

የረቡዕ ማታ ጸሎት እንዳያመልጠው ተነሥቶ ሲሄድ የመለያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ኢሜልዳ ቲማቲም እየለየች ሰማችው፣ ቀና ሳትል አንድ ነገር መለሰችለት፤ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ቆየ።

በማግስቱ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮው ይዟት የሄደው ራሱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጫማውን አድርጎ፣ ክፈፍ ውስጥ የገባውን ምስክር ወረቀት ከነመስታወቱ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተራ ጠበቀ። ጥበቃው «ጠበቃዋ ነዎት?» ቢለው «የቲማቲም ገበሬዋ ነኝ» ብሎ መለሰ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ወረቀቱን አይታ፣ ጽፋ፣ ማረጋገጫ ሰጥታ በትሕትና ሸኘቻቸው። ከተራው በኋላ ያለው ሥራ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ይህን የነገረኝ ኢሜልዳ ናት፤ ሆይት የሚያወራው ስለ ጫማው መጥበብ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ሦስተኛ ሳጥን ስለፈለገች ባዶዎቹን ልመልስ ሄድኩ። የለቃሚዎቹ መኪናዎች ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከቢሮው ያወጡት ጠረጴዛ በራፉ ላይ ተዘርግቷል። ሼልቢ ኮምፒውተሩ አጠገብ ነበረች። መልሱ የመጣው ያን ጊዜ ነው፦ ኢሜልዳ ካንቱ ለመሥራት ተፈቅዶላታል።

«ስጪኝ፣ ግድግዳ ላይ ልስቀለው!» አለ ሆይት።

«አባባ! ለብቻዋ ነው የምትሰጣት። ባለፈው ምን አልን?»

«ክፉውን ለብቻ፤ ደጉንም ለብቻ?»

«ደጉንም ለብቻ።»

ኢሜልዳን ወደ ቢሮው ጠርቶ ሰጣት። ስትመለስ ወረቀቱን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ከትታ ነበር። ሴቶቹ ምን እንደሆነ አልጠየቋትም። እሷ ግን ሮሳልባን ጠጋ ብላ፣ «ባለፈው ወር የማልሽው አንቺ አይደለሽም? ነገ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂጂ፤ እኔ እወስድሻለሁ» አለቻት። ሮሳልባ «ማን ነገረሽ?» ብላ ደነገጠች። ኢሜልዳ «ስታጠኚው የነበረው ወረቀት እኔም ነበረኝ» አለቻት። በዚያች ደቂቃ በመለያው ጠረጴዛ ላይ የብዙ ዓመት ዝምታ ትንሽ ተከፈተ።

ከዚያ ሆይት ሳጥን ላይ ወጥቶ ቆመ። ንግግር የሚወድ ሰው አይደለም።

«ስሙኝ» አለ። «አባቴ ማንንም አይጠይቅም ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ጨዋነቴ ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ያለ ጥፋቷ እንጀራዋን ላሳጣት ነበር። ማን እንደሆነች አልናገርም።»

«እናውቃለን!» አለች ዳርሊን ከኋላ። ሁሉም ሳቀ፤ ኢሜልዳም ሳቀች።

«ዝም በይ፤ መጀመሪያ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚሠራ ሁሉ በአንድ ዓይነት ይጣራል። ዳርሊንም፣ የልጅ ልጄም። ችግር የመጣበት በዚያው ቀን ከእኔ አፍ ይሰማል፤ ይከራከራል፤ እስኪጣራ ድረስ ሥራው ሥራው ነው። መኪና የሌለው በእኔ መኪና ይሄዳል። ተሳስቶ የሚባረር አይኖርም፤ በስሙ የሚጠረጠር አይኖርም። ጨርሻለሁ።»

«ሁሉም ነው፣ ሚስተር ሆይት?» አለ ሲክስቶ። የእኔን ሳጥን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆሞ ነበር።

«ሁሉም!» አለ ሆይት፤ ኩራት ነበረበት። «እኔ ራሴ ሳልቀር።»

«ጥሩ ነው» አለ ሲክስቶ።

ዳርሊን ቀርባ፣ «መንግሥት ክብደቴንም ይጠይቃል?» ብላ ሳቅ አስነሣች። ሼልቢ ስሟን ጻፈች። ሆይት ከሳጥኑ ወርዶ እጄን ይዞ፣ «ይቺ ልጅ አልለቀቀችኝም እኮ» አለኝ፤ ፊቱ የልጅነቱን ይመስል ነበር። ትከሻው ላይ የነበረ አንድ ከባድ ነገር እንደወረደለት ማየት ይቻላል። በተራራው ላይ ስንት እርሻ አሁንም ወረቀቱን እየደበቀ፣ እርስ በርሱ እየተፈራራ እንደሚሠራ አስቤ፣ ይህን ጠዋት ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ። ሰው የሚያስፈራውን ነገር በግልጽ ሲነጋገርበት ምን ያህል እንደሚቀልለው ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዲህ ቁልጭ ብሎ ግን ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሲክስቶ ሳጥኑን መኪናዬ ላይ ጫነልኝ። የበሰሉትን ከላይ አድርጎ ደርድሮ፣ በውኃ የተነከረ ጆንያ አለበሰውና በገመድ አሰረው፤ ቋጠሮው ሼልቢን ያስተማራት ቋጠሮ ነበር። «ታችኛው ማሳ፣ ከምዕራብ በኩል ሦስተኛው መስመር ዛሬ መለቀም አለበት» አለኝ። «ለሚስተር ሆይት ይንገሩልኝ።»

«ራስህ ንገረው እንጂ» አልኩት።

«አሁን ሥራ ይዟል» አለና ጓንቱን አውልቆ በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ጠረጴዛው ላይ ሼልቢ ቀጣዩን ስም ጠራች። አንዱ ለቃሚ ብዕሩ አልጽፍ ብሎት ሁለተኛ ተሰጠው፤ ዳርሊን ለሰው ሁሉ በረዶ ያለው ሻይ ትቀዳ ነበር። የሲክስቶ ግራጫ ፒካፕ ስሙ ገና ሳይጠራ ከመጋዘኑ ጀርባ በቀስታ ወጣች፣ መንገዱ ባዶ ቢሆንም የመታጠፊያ መብራቷን አበራች፣ ከዚያ ወደ ሸለቆው ታጠፈች።